ጎጃምን ሰጥተን መልሱ ያልተነገረን እንቆቅልሽ

ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን መጀመሪያ የተናገረው የእህቴ ባል ነው። «ካርድ አለቀ» አለ። ወደ ቆጣሪው ሊሄድ ብድግ ካለ በኋላ ነው አምፖሉ እንደበራ ያስተዋለው። እህቴ «ፍላሹ ነው፣ ነቅለህ ሰካው» አለችኝ። እኔ ሪሞቱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የኔታ ምንም አላሉም፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጥቁሩን ስክሪን ማየታቸውን ቀጠሉ። 10 ሰከንድ ያህል እንዲህ ቆየና የሠራተኞቹ ስም መውጣት ጀመረ፤ ያለ ዘፈን፣ ያለ ምንም ድምፅ።

86 ክፍል ያየነው ድራማ ያለቀው እንዲህ ነው።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የተነሳው ክርክር ወራት ፈጀ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ተከታታይ ድራማ ሲያልቅ ታሪኩን ሳይቋጭ ሊተወው ይገባል ወይስ አይገባም? እኔ በክርክሩ መሀል ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። እህቴ አልቀየረችም። የሁለታችንንም ምክንያት፣ በተለይ ደግሞ የኔታ ያሉትን፣ ከነሁኔታው ልጻፈው ብዬ ነው።

ቤቱና ጊዜው

ደብረ ማርቆስ ነው፣ ጥር 2016 ዓ.ም.። በክልሉ የሞባይል ዳታ ከተቋረጠ ወራት አልፎታል። ሲመሽ ከቤት የሚወጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የማርቆስ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከጮቄ በኩል ሲነፍስ በር መዝጋት ብቻውን አይበቃም። እህቴ ነርስ ናት፣ ባሏ አናጺ ነው፣ እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አራተኛው ሰው የእናታችን ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረዋል፤ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገብተው፣ መምህር ሆነው፣ ጡረታ ወጥተዋል። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «የኔታ» ነው የሚላቸው፤ እኛም እንደዚያው።

ድራማው ዘ ሶፕራኖስ ነው። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ መንገድ የተከፈተ ሰሞን በሰው እጅ በፍላሽ ላከልኝ። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ዴቪድ ቼስ የሚባል ሰው የፈጠረው፣ ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ በእኛ አቆጣጠር ከጥር 2 ቀን 1991 እስከ ሰኔ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በ6 ምዕራፍ ያሳየው ነው። ቶኒ ሶፕራኖ የኒው ጀርሲ የማፊያ አለቃ ነው፤ ጄምስ ጋንዶልፊኒ ነው የሚጫወተው። ሰው ያስገድላል፣ ራሱም ይገድላል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ከልጆቹ ጋር እራት ይበላል። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ያለው የመዋኛ ገንዳ ገብተው የነበሩ ዳክዬዎች ጥለውት ሲበሩ ተዝለፍልፎ ይወድቃልና ሜልፊ ወደምትባል የአእምሮ ሐኪም መሄድ ይጀምራል። ታሪኩ የሚጀምረው እሷ ቢሮ ውስጥ ነው።

የኔታ መጀመሪያ የመጡት ለቡና ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጠው ትንሽ አዩና «ይኼ ሰውዬ ምን አሞት ነው ሐኪም ቤት የሚመላለሰው?» አሉ። ሕመሙ የሐሳብ እንደሆነ፣ ሴትየዋ ጋ እየሄደ የልቡን እንደሚያወራ ነገርኳቸው። «እንዲያ ከሆነ የንስሐ አባቱ ናት» አሉ። በማግስቱ ማታም መጡ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ያለ እሳቸው አልከፈትነውም። እኔ እየተረጎምኩ፣ ከሽማግሌ ጋር የማይታይ ነገር ሲመጣ (ይመጣል፣ ደጋግሞ) በሪሞት እያሳለፍኩ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ክፍል እያየን ገፋን። ዐቢይ ጾም ሲገባ የኔታ ቀሩ። እህቴ «ያለ የኔታ አይከፈትም» አለች፤ ጠበቅናቸው። ከፋሲካ በኋላ ቀጥለን የመጨረሻው ክፍል ላይ የደረስነው ግንቦት መጨረሻ ነው።

የመጨረሻዋ ትዕይንት

ቶኒ ቤተሰቡን እራት ሊያበላ ሆልስተንስ ወደሚባል ተራ ምግብ ቤት ይገባል። የቶኒ ደመኛ ፊል ሊዮታርዶ በዚሁ ክፍል ውስጥ ነዳጅ ማደያ ላይ ተገድሏል፤ ስለዚህ ጦርነቱ ያለቀ ይመስላል። ግን አንዱ የራሱ ሰው ሊመሰክርበት ነው፤ ጠበቃውም መከሰስህ አይቀርም ብሎታል። ጠረጴዛው ላይ ካለችው ማጫወቻ ዘፈን ይመርጣል። ሚስቱ ካርሜላ ትመጣለች፣ ከዚያ ወንዱ ልጁ። ከልጁ ፊት ፊት አንድ የማናውቀው ሰው ይገባል፤ ባንኮኒው ጋ ይቀመጣል፣ ወደ ቶኒ ዞር ይላል፣ ቆይቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል። ሴቷ ልጁ ሜዶው ውጭ መኪና ማቆም አቅቷት ወደፊት ወደኋላ ትላለች። ሽንኩርት ጥብስ ይመጣል፣ ይበላሉ። ሜዶው ወደ በሩ ትሮጣለች። የበሩ ደወል ይጮኻል። ቶኒ ቀና ይላል።

ጥቁር።

በነጋታው ለጓደኛዬ ደወልኩለት። «ፋይሉ የተቆረጠ ነው?» አልኩት። «አይደለም፣ ያው ነው» አለኝ። እዚያው አሜሪካም ያን ምሽት 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲያየው ብዙዎች መስመር የተቋረጠ መስሏቸው እንደነበር የነገረኝ እሱ ነው። እኛ ቤት መብራት የሄደ መሰለን፣ እነሱም ቤት ያው ነው። ይህ ትንሽ አጽናናኝ።

የእህቴ ክስ

እህቴ ተናዳለች። መናደድ ብቻ አይደለም፣ ተበድያለሁ ነው የምትለው። እንዴት እንዳስረዳችው እስካሁን ይገርመኛል።

«ልጅ ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱን ካላወቅኩ ምን እልሃለሁ? አገር እሰጥሃለሁ። አገሬን ተቀብለህ፣ በልተህ ጠጥተህ፣ ከዚያ መልሱን ትነግረኛለህ። አገር ተቀብሎ መልስ የሚከለክል ልጅ ሁለተኛ ማን ያጫውተዋል? እኔ ለዚህ ሰውዬ አራት ወር ሙሉ ማታዬን ሰጠሁት። ጎጃምን በሙሉ ሰጠሁት! መልሱን ይዞብኝ ሄደ።»

መጀመሪያ ላይ እኔም ከእሷ ጋር ነበርኩ። ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። በአገራችን ድራማ ስንት ጊዜ ተቃጥለናል? ስፖንሰር ይጠፋል፣ ተዋናይ ይወጣል፣ «ምዕራፍ አንድ ተጠናቀቀ» ይባላል፣ ምዕራፍ ሁለት አይመጣም። ያረገዘችው አትወልድም፣ የታሰረው አይፈታም፣ ገዳዩ አይታወቅም። ያ ነገር ክፍት መጨረሻ አይባልም፤ ሥራውን ጥሎ መሄድ ነው። እኔም የሶፕራኖስን ጥቁር ስክሪን ሳይ ያው የለመድኩት በደል ነው የመሰለኝ፣ የፈረንጅ ስለሆነ ብቻ ጥበብ ሊባልልኝ ነው ብዬ።

የእህቴ ባል ነገሩን በሙያው ነው የተመለከተው። «ቤት ሠርቼ ሳስረክብ ቀለሙን ባለቤቱ ራሱ ይቀባዋል ብዬ ትቼ አውቃለሁ። በር ሳልገጥም ግን ሄጄ አላውቅም» አለ። ይህን ብሎ ዝም አለ። እኔ ግን ያቺን ንግግር ይዤ ብዙ አሰብኩ። ጥያቄው እንግዲህ ቼስ የተወው ቀለሙን ነው ወይስ በሩን የሚል ሆነ።

የኔታ ደግመው አዩት

በሦስተኛው ቀን የኔታ መጡና «ያችን ምግብ ቤት ክፈትልኝ» አሉ። ከፈትኩ። ሲያልቅ «ድገመው» አሉ። አራት ጊዜ አየነው። በአራተኛው ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ደወሉን ስማ» አሉኝ። «በሩ በተከፈተ ቁጥር ደወሉ ይጮኻል። ሰውዬው ቀና ይላል። ከዚያ እሱ ያየውን እኛ እናያለን። ሴት ስትገባ አየ፣ አየን። ሚስቱ ስትገባ አየ፣ አየን። እንግዳው ሲገባም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ ደወሉ ጮኸ፣ ቀና አለ። አሁንም ያየነው እሱ ያየውን ነው።»

«ምን አየ?» አለች እህቴ።

«ያየነውን።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ያኔ ነው ሌላው ነገር ትዝ ያለኝ። በመጨረሻው ምዕራፍ ውስጥ ቶኒና የእህቱ ባል ቦቢ ሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ስለ መገደል ያወራሉ፤ ቦቢ ሲመጣብህ ድምፁን እንኳ የምትሰማው አይመስለኝም ይለዋል። ያቺው ንግግር ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል፣ ቶኒ መሣሪያ ታቅፎ አልጋ ላይ ሲጋደም፣ ተመልሳ ትሰማለች። ሁለት ጊዜ አስቀመጣት ማለት ነው። ድምፅ የለም፣ ዘፈኑም መሀል ላይ ነው የተቆረጠው። ይህን ስነግራቸው የኔታ ፈገግ አሉ፤ ተማሪ ምሥጢር ሲያገኝ መምህር ፈገግ እንደሚለው።

ከዚያ ስለ ቅኔ አነሱ። ዲማ እያሉ ተማሪ ሌሊቱን ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለት ሲያዘጋጅ፣ አድሮ፣ ጠዋት መምህሩ ፊት ቅኔውን ሲነግር፣ መምህሩ የሚፈልጉት ምሥጢሩን ነው። ቃሉ ቢያምር፣ ቤቱ ቢመታ፣ ዜማው ቢሰምር፣ ሰሙ ብቻ ከሆነ ይመለሳል። «ቅኔ የሚሰማ ሰው ወርቁን ራሱ ቆፍሮ ያወጣል» አሉ። «ግን ወርቁን የቀበረው ባለቅኔው ነው። ሳይቀብር ቆፍሩ የሚል አታላይ ነው። ቀብሮ ዝም የሚል ግን ሥራውን ሠርቷል።»

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የተቀየረው። ያልተቋጨ መጨረሻ ስንል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራን ነበር። አንዱ ደራሲው ራሱ የማያውቀው መጨረሻ ነው። ሌላው ደራሲው አውቆ፣ ምልክቱን አስቀምጦ፣ አፉን የዘጋበት። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ላይ ስክሪኑ ይጠፋል። ለመለየት ያለው መንገድ ተመልሶ መቆፈር ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሁሉም ተመልካች ጊዜም ፍላጎትም የለውም፣ ሊኖረውም ግድ አይደለም።

ድራማው የጠየቀው ምን ነበር?

የኔታ ግን በደወሉ አልቆሙም። ከደወሉ ይልቅ ይህ ቀጥሎ ያሉት ነው ለእኔ ትልቁ።

«እናንተ ሞተ ወይስ ዳነ ትላላችሁ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ይህን አልጠየቅኩም» አሉ። «እኔ የጠየቅኩት ይህ ሰው ይመለሳል ወይ? ነው። የንስሐ አባት ያዘ፣ ኃጢአቱን ተናገረ፣ አለቀሰ። ይተወዋል ወይ?»

እውነታቸውን ነው። ድራማው ሐኪሟ ቢሮ የጀመረው በምክንያት ነው። 6 ምዕራፍ ሙሉ የሚጠይቀን ክፉ ሰው ራሱን ስላወቀ ብቻ ይለወጣል ወይ እያለ ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ ተመልሷል! ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ሜልፊ ታሰናብተዋለች። ሕክምናው እንዳልለወጠው፣ ይልቁንም ለክፋቱ ምክንያት መደርደሪያ እንደሆነለት ገብቷታል፤ በሩን ዘጋችበት። ቶኒ ሆልስተንስ ሲገባ ገና ስንጀምር ያየነው ያው ሰውዬ ነው፣ አልተመለሰም። ጥይቱ ቢመጣ፣ ፖሊስ ቢመጣ፣ ሽንኩርቱን በልቶ ቤቱ ቢሄድ ያ አይቀየርም። በአናጺው ቋንቋ፣ በሩ ተገጥሟል። የቀረው ቀለሙ ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም እንዲህ ሆኗል። ድራማ ሲያልቅ ታሪኩን ክፍት መተው ይችላል፣ ግን ተመልካቹን ይዞ የመጣበትን ዋና ጥያቄ መልሶ ከሆነ ብቻ። ከክፍል አንድ ጀምሮ «ገዳዩ ማን ነው?» እያለ ሰው ያስቀመጠ ድራማ ገዳዩን ሳይነግር ቢያልቅ አልምረውም፤ ምንም ያህል ጥበብ ይባል።

እኛ ጎጃሞች ሁላችን የምናውቀውን አንድ መጨረሻ ላንሳ። ፍቅር እስከ መቃብር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ያለቀሰበት። ሰብለ መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ መንገድ ላይ ሳለች ሐዲስ ብዕራቸውን አስቀምጠው ቢሆን ኖሮ? አንዱ ተነስቶ «እንዴት ያለ ክፍት መጨረሻ!» ይል ይሆናል። እኔ ግን ክህደት ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ገና በርዕሱ ቃል ገብቷል። እስከ መቃብር ብሏል። መቃብሩ ድረስ መሄድ አለበት፤ ሄደም። በዛብህ፣ ሰብለና ጉዱ ካሣ አንድ መቃብር ገቡ። የሚያም ነው፣ ግን የተባለው ሆኗል። ሶፕራኖስ ቶኒ ይሞታል ብሎ ቃል አልገባም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም፣ አንዱ ስለዘጋ ሌላው ይዝጋ፣ አንዱ ስለከፈተ ሌላው ይክፈት ማለትም አይሆንም።

እህቴ ያላሸነፍናት

ይህን ሁሉ ደርድሬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ወንድምዓለም፣ አንተ ስለ ድርሰት ታወራለህ። እኔ ስለራሴ ነው የማወራው» አለች።

ያን ሰሞን የአክስታችን ልጅ ስልኩ ከተዘጋ ስድስት ሳምንት ሆኖት ነበር። የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አክስታችን ጠዋት ጠዋት ትደውላለች፣ እኛም ስንሰማ «የለም?» እንላለን፣ «የለም» ትላለች። እህቴ ሥራ ቦታዋም ያው ነው፤ ታካሚ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል፣ ይድረስ አይድረስ፣ ይዳን አይዳን አታውቅም። «ያላለቀ ነገር ቀኑን ሙሉ ተሸክሜ ነው የምገባው» አለች። «ማታ አንዲት ሰዓት የምቀመጠው ቢያንስ አንድ ነገር ሲያልቅ ላይ ብዬ ነው። እሱን ነው የነሳኝ።»

ለዚህ መልስ የለኝም። አሁንም የለኝም። የክፍት መጨረሻ ወዳጆች ብዙ ጊዜ ሕይወት ራሷ አትቋጭም፣ ድራማውም ሕይወትን ይምሰል እንላለን። ልክ ነው። ግን ያን የሚለው ሰው ሕይወቱ በመጠኑ የተቋጨለት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ የት እንዳደረ የሚያውቅ፣ ነገ መንገድ እንዳለ የሚያውቅ። ስድስት ሳምንት የተዘጋ ስልክ ለሚደውል ሰው አለመቋጨት አዲስ ትምህርት አይሆንም። ደራሲ መጨረሻውን ሲጽፍ ማን ፊት እንደሚያቀርበው ሁሉ ማወቅ አይችልም፣ በዚህ ልወቅሰው አልችልም። ግን የእህቴን ቅሬታ «አልገባትም» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ገብቷታል። ደወሉንም፣ ጀልባውንም፣ ሜልፊንም ከእኔ እኩል ታውቃለች።

ሐምሌ ላይ ልጁ ደወለ። ባሕር ዳር ነው፣ ደህና ነው። እህቴ ስልኩን ይዛ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። ቀና ብላ «አየህ? እንዲህ ነው የምልህ» አለችኝ፣ ከአንድ ወር በፊት ያቆምነውን ክርክር ሳትጠራው ቀጥላ።

ዳታው ሲመለስ

ኢንተርኔት ሲመለስ መጀመሪያ የፈለገው የእህቴ ባል ነው። ቼስ ድራማው ያለቀ ሰሞን ምንም ማብራራት አልፈልግም ብሎ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ያንን መጨረሻ የሞት ትዕይንት ብሎ ጠራው፤ መጀመሪያ ላይ ቶኒ ሊገደል ወደሚችልበት ስብሰባ ሲሄድ ልናየው አስቦ እንደነበርም ተናገረ። አድናቂዎቹ ይኼው አመነ ብለው ጮሁ፤ እሱ ደግሞ ሰው ሁሉ ሞተ አልሞተ ላይ ብቻ በመንጠልጠሉ ቅር እንዳለው ነው የሚታወቀው።

የእህቴ ባል ስልኩን ይዞ እየሮጠ ገባ። «ሞቷል! ራሱ ብሏል!» አላት።

«ያላሳየኝን በአፉ ቢነግረኝ አልቀበልም» አለች።

እኔ እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። ደራሲው ሥራውን ካስረከበ በኋላ የሚናገረውን እሰማለሁ፣ ግን በ86ቱ ክፍል ላይ 87ኛ አድርጌ አልቀጥለውም። ለቼስም የሚሻለው እንደ መጀመሪያው ዝም ቢል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጥቁሯ ስክሪን ብቻዋን ጠንካራ ናት።

የኔታ ክርክሩን ሰምተው «እስቲ አንዴ ክፈተው» አሉ። ፍላሹን ሰካሁ። ሁላችን ተቀመጥን። ሚስቱ ገባች፣ እንግዳው ገባ፣ ልጁ ገባ፣ ሽንኩርቱ መጣ። ሜዶው መኪናዋን አቁማ መሮጥ ስትጀምር እህቴ ብድግ ብላ ጀበናውን ይዛ ወደ ጓዳ ሄደች። ደወሉ ሲጮኽ ጓዳ ነበረች።

«ልጅቷ ገባች?» አለች ከዚያው ሆና።

የኔታ ጥቁሩን ስክሪን እያዩ «ገባች፣ ልጄ» አሏት።